የመጀመሪያው ልጅ የወተት አለርጂ ከነበረበት፣ ነፍሰ ጡሯ ወተት ታቁም?

የመጀመሪያ ልጅዎ በወተት ምክንያት ብዙ ተሠቃይቷል እንበል። ገላው ሽፍ ይልበት ነበር። ጠብቶ ሳይቆይ ያስመልሰው ነበር። ሰገራው ላይ ደም ታይቶ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ተንከራተዋል። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን አርግዘዋል። ያን ሁሉ ሌሊት ያሳለፈ ሰው «ይህኛው ሳይወለድ ከአሁኑ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ እርጎውን ብተውለትስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። በእርግዝና ጊዜ ወተትና የወተት ውጤቶችን መተው የሚወለደውን ልጅ ከወተት አለርጂ እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እናቲቱን ግን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ወተት የሚስማማዎት ከሆነ ይብሉ፣ ይጠጡ። ለልጁ የሚጠቅመው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከወሊዱ ዕለት ነው። ወደዚያም እንመጣለን።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ታላቅየው የነበረበት በእርግጥ አለርጂ ነው? ወተት የማይስማማው ልጅ ሁሉ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። አለርጂ የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በወተት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። በላም ወተት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ። አይብ ሲወጣ የሚረጋው በአብዛኛው ኬሲን የሚባለው ነው። በአጓቱ ውስጥ የሚቀሩት ሌሎች ናቸው፤ ዋናው ቤታ ላክቶግሎቡሊን ይባላል። አንዳንዱ ልጅ ለአንዱ፣ አንዳንዱ ለሁለቱም ይቆጣል።

ላክቶስ ደግሞ ሌላ ነው። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ሆድ እሱን መፍጨት ሲያቅተው ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ይህ ብዙ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች የሚያውቁት ችግር ነው። ሕፃናትም ከብርቱ ተቅማጥ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሊገጥማቸው ይችላል። ያስቸግራል እንጂ አለርጂ አይደለም። የታላቅየው ችግር ይህ ከነበረ ለሁለተኛው ልጅ በወተት አለርጂ የሚሰጉበት ምክንያት የለም።

እውነተኛው አለርጂ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ፈጣን ነው። ወተቱ በተቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት፣ ገላ ሽፍ ይላል፣ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፣ ትውከት ይመጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ይህን የሚያመጣው አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካል ማለት ሰውነት ባዕድ የመሰለውን ነገር ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ በሰገራ ላይ ንፍጥና ደም ይታያል፣ ወይም ትውከቱ ይደጋገማል። የታላቅየው የትኛው እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ሐኪሙ ወተት አስቁሞ፣ ልጁ ሲሻለው መልሶ ሰጥቶ አረጋግጦ ነበር? ወይስ ሲያለቅስ ያየው ሁሉ «አለርጂ ነው» ብሎ ስም አወጣለት? የድሮው የሕክምና ካርድ ካለ ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።

አለርጂ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ «እኔ የምበላው ወደ ጽንሱ ይደርስ የለ? ታዲያ ብተወው እንዴት አይጠቅመውም?» ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእናት ምግብ እጅግ ጥቂት የሆነ ፕሮቲን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ፕሮቲኑ ደረሰ ማለት አለርጂ ጀመረ ማለት አይደለም። የሕፃን መከላከያ ሥርዓት ገና ሲሠራ ጀምሮ የሚማረው ሁለት ነገር ነው፤ የሚዋጋውንና የሚታገሠውን። ምግብ ከሚታገሣቸው ነገሮች አንዱ ነው። መታገሥን የሚማረው ደግሞ ምግቡን በማግኘት ነው። የእናትየዋ አይጂኢም በእንግዴ ልጅ በኩል አያልፍም። ስለዚህ እናት ራሷ አለርጂ ቢኖርባትም ያንን ፀረ እንግዳ አካል በቀጥታ ለልጇ አታስተላልፍም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በሰዎች ላይ ተሞክሯል። በስዊድን አለርጂ ከሚበዛባቸው ቤተሰቦች 212 ነፍሰ ጡሮች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ እስኪወልዱ የላም ወተትና እንቁላል ተዉ። ሌሎቹ እንደ ወትሮው በሉ። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ፤ ልጆቹንም እስከ 5 ዓመታቸው ተከታተሏቸው። የእናቶቹ መተው ልጆቹን ከአለርጂ አላዳናቸውም። ከዚያ በኋላ ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ 5 ጥናቶችንና 952 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አድርጎ መዘነ። የ2012 ግምገማው እንዳለው መተው ልጆቹን አልጠበቀም። የተዉት እናቶች ግን በእርግዝናቸው የጨመሩት ክብደት አነስ ያለ ነበር። ያለ ጊዜ የመውለድና የልጅ ክብደት የመቀነስ ሥጋትም ሊኖር እንደሚችል ግምገማው አስጠንቅቋል።

«ታዲያ ዱሮ ሐኪም ተዪ ይል አልነበር?» የሚል ካለ፣ እውነት አለው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 አለርጂ ላለባቸው ቤተሰቦች በእርግዝና ለውዝ መተውን እንዲያስቡበት ይመክር ነበር። በ2008 ያንን ምክር አነሣ፤ ማስረጃ አጥቶለት። ብሪታንያም እንዲሁ በ1998 ስለ ለውዝ የሰጠችውን ምክር በኋላ ተወችው። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር የ2020 መመሪያም ልጅን ከምግብ አለርጂ ለመጠበቅ ተብሎ በእርግዝናም ሆነ በማጥባት ጊዜ ምግብ መቀነስን አይመክርም። በየዘመኑ የተለያየ ምክር የሰሙ እናቶች ግራ ቢጋቡ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነውና። ነፍሰ ጡር በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። ካልሲየም አጥንትና ጥርስ የሚሠራበት ማዕድን ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት፣ 240 ሚሊ ሊትር ያህል፣ 300 ሚሊግራም ይሰጣል። ጽንሱ እስኪወለድ ድረስ በአጥንቱ ውስጥ 30 ግራም ያህል ካልሲየም ያከማቻል፤ አብዛኛውን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። እናት በምግቧ ካላገኘችው ከራሷ አጥንት ይወሰዳል። በዚያ ላይ ካልሲየም ማነስ ፕሪኤክላምፕሲያ ከሚባለው ጋር ይያያዛል። ይህ በእርግዝና የሚነሣ አደገኛ የደም ግፊት ነው። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በምግባቸው ካልሲየም በሚያንስባቸው አገሮች ለነፍሰ ጡሮች ካልሲየም እንክብል እንዲሰጥ የሚመክረው።

ካልሲየምን ከሌላ ምግብ ማግኘት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን ሐሳብ ይጠይቃል። ጎመን ጥሩ ነው። ጤፍ በ100 ግራም ጥሬ ዱቄት 180 ሚሊግራም ያህል አለው፤ ሊጡ መቡካቱም ማዕድኑ በሆድ በተሻለ እንዲገባ ይረዳል። ሰሊጥ ብዙ ካልሲየም ቢኖረውም ሰውነት ሁሉንም አይወስደውም። የሱፍ ውሃና የተልባ ውሃ ወተት ቢመስሉም በካልሲየም ወተትን አይተኩም። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው የአኩሪ አተር ወይም የለውዝ ወተት የሚጠቅመው ካልሲየም ተጨምሮበት ከሆነ ነው፤ ካርቶኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ዋጋውም ከላም ወተት ይበልጣል። እንክብል ከተወሰደ ከአይረን ክኒኑ ጋር በአንድ ጊዜ አይዋጥም፤ ካልሲየም አይረኑን እንዳይገባ ያግደዋል። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ማድረግ ይቻላል።

ከወተት የሚቀረው ካልሲየም ብቻ አይደለም። ፕሮቲን፣ አዮዲን እና ቢ12 የሚባለው ቫይታሚንም አብረው ይቀራሉ። ቢ12 ደምና ነርቭ የሚሠራበት ሲሆን የሚገኘው ከእንስሳት ውጤቶች ነው። ሥጋና እንቁላል እንደልብ በማይገኝበት ቤት ወተቱ ሲወጣ ብዙ ነገር ይዞ ይወጣል።

ሌላም ዋጋ አለ፤ በግራም የማይለካ። ነፍሰ ጡሯ ስድስት ወይም ሰባት ወር የምትበላውን እየፈራች ትኖራለች። ዘመድ ቤት ስትሄድ «ቅቤ ገብቶበታል?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ልጁ አለርጂ ይዞት ቢወለድ «ያን ቀን የቀመስኳት ናት» ብላ ራሷን ትከሳለች። ይህ ክስ እውነት የለውም። የታላቅየው አለርጂም እርስዎ በበሉት ምክንያት የመጣ አይደለም። ይህን ደግሜ ልናገረው የምፈልገው ብዙ እናቶች በልባቸው ይዘውት ስለሚኖሩ ነው።

ስለ ጾምስ? በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲደመሩ ከወተት የሚራቁት ቀናት ብዙ ናቸው። ጾም የእምነት ነገር ነው፤ ከአለርጂ መከላከያ ጋር አይደባለቅ። ነፍሰ ጡርና አራስ እንዴት እንደሚጾሙ ከነፍስ አባት ጋር ይነጋገሩበት፤ ብዙ ካህናት ለነፍሰ ጡር ጾሙን ያቀሉላታል። የሚጾሙ ከሆነ ለሐኪምዎ ወይም ለአዋላጇ ይንገሩ፤ ካልሲየሙና ቢ12ቱ በሌላ መንገድ ይሞላል። ወተት ከልጅነትዎ የማይወዱ ከሆነም እንዲሁ ነው። ማንም ነፍሰ ጡር ወተት እንድትጠጣ አትገደድም። እርስዎ ራስዎ የወተት አለርጂ ካለብዎት ደግሞ ጥያቄው አያከራክርም፤ አይነኩትም። እስካሁን ለጽንሱ ብለው ትተው ከነበረም አይደንግጡ፤ ከዛሬ ጀምሮ መመለስ ይችላሉ።

ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ወተቱን ያፍሉት። ጥሬ ወተትና ከጥሬ ወተት የተሠራ አይብ ብሩሴሎሲስንና ሊስቴሪያን ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም ከእንስሳት ውጤት ወደ ሰው የሚተላለፉ ተሕዋስያን የሚያመጧቸው በሽታዎች ናቸው፤ ጽንስን ሊያስወርዱ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር በወተት በኩል የምትሰጋው ይህን ነው።

ሁለተኛው ልጅ የመያዙ ዕድል ምን ያህል ነው? ወንድም ወይም እህት አለርጂ ካለበት ዕድሉ ከሌላው ሕፃን ከፍ ይላል፤ ቢሆንም አብዛኞቹ ተከታይ ልጆች ደህና ናቸው። በ9 የአውሮፓ አገሮች 12,000 ያህል ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት የወተት አለርጂ በምርመራ የተረጋገጠባቸው ከ200 አንድ ያህል መሆናቸውን አግኝቷል። በአሜሪካ ደግሞ የቺካጎ ተመራማሪዎች የምግብ አለርጂ ያለባቸውን ልጆች ወንድሞችና እህቶች መርምረው ነበር። በእርግጥ ለአንዳች ምግብ አለርጂ የነበረባቸው ከ100ው 14 ያህሉ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ግን ምርመራው «አለባችሁ» ቢላቸውም ምግቡን ያለ ችግር ይበሉ ነበር። ምልክት ያላሳየን ልጅ ወስዶ ደም ማስመርመር የማይመከረው ለዚህ ነው። ውጤቱ ደህናውን ልጅ ያለ ምክንያት ምግብ ያስከለክለዋል።

አሁን ወደ ወሊዱ ዕለት ደረስን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ዋጋ አለው። በጃፓን፣ ከቤተሰባቸው በአለርጂ የመያዝ ሥጋት ያለባቸው 312 አራስ ሕፃናት ተጠንተዋል። ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የላም ወተት ዱቄት ፈጽሞ እንዳይቀምሱ ተደረገ። ለሌሎቹ ከጡት ጋር ጥቂት ተጨመረላቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልቀመሱት ውስጥ በወተት አለርጂ የተያዙት ከሌሎቹ በጣም ያነሱ ነበሩ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የአውሮፓው መመሪያም በመጀመሪያው ሳምንት ጡት ለሚጠባ ልጅ የላም ወተት ዱቄት እንዳይጨመር ይመክራል።

ስለዚህ ከመውለድዎ በፊት ለአዋላጇና አብሮዎት ለሚያድር ዘመድ ይንገሩ። «ታላቁ የወተት አለርጂ ነበረበት፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለዚህኛው የጣሳ ወተት አትስጡልኝ» ይበሉ። ሕፃኑ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ። እንገር የመጀመሪያው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት ነው፤ ጥቂት ቢመስልም ለአራስ ሆድ ይበቃል። ሕፃኑ ስኳሩ ቢወርድ ወይም ያለ ጊዜው ቢወለድና ሐኪም ዱቄት ወተት ግድ ነው ቢል ግን አይከልክሉ። ልጁ መራቡ ከአለርጂው ይብሳል።

በብዙ አካባቢ ለአራስ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው። አያቶች በፍቅር ያደርጉታል፤ ሆዱን ያለሰልሳል ብለው። አለርጂ በነበረበት ቤት ግን ይህ ልማድ ይቅር። ቅቤ ውስጥ ጥቂት የወተት ፕሮቲን አለ፤ ንጽሕናውም አስተማማኝ አይደለም። አናቱንና ገላውን ቅቤ መቀባትስ? የሕፃኑ ቆዳ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ወይም ችፌ ያለበት ከሆነ አይቀቡት። የአለርጂ ሊቃውንት ባለፉት ዓመታት የደረሱበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት መታገሥን ይማራል፣ በቆሰለ ቆዳ ሲገባ ግን መቆጣትን ሊማር ይችላል። ለደረቅ ቆዳ ከፋርማሲ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል። ለአያትየው ይህን በአክብሮት ማስረዳት ይቻላል፤ «እማዬ፣ የታላቁን ነገር ስለፈራን ነው» ቢሏቸው ይገባቸዋል።

ከዚያ በኋላ እርስዎ በአራስ ቤት ገንፎውን በቅቤ፣ አጥሚቱንም በወተት መብላት መጠጣት ይችላሉ? አዎ። ልጁ ደህና እስከሆነ ድረስ በማጥባት ጊዜም አስቀድሞ መተው አያስፈልግም። ከእናት ምግብ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው የላም ወተት ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሕፃን ከነመኖሩም አይሰማውም።

የመተው ጊዜ የሚመጣው ልጁ ምልክት ሲያሳይ ነው። ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ችፌው በሕክምና አልመለስ ካለ፣ ትውከቱ በዝቶ ክብደት አልጨምር ካለ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሐኪሙ ከጠረጠረ እርስዎን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተት ያስቆምዎታል። ልጁ ከተሻለው ቀስ በቀስ መልሰው ይበላሉ፤ ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂው ተረጋገጠ ማለት ነው። መልሶ መብላቱ ያስፈራል፤ ግን አይዝለሉት። ካልተረጋገጠ ለወራት በከንቱ ይከለከላሉ። በ4 ሳምንት ምንም ለውጥ ካልመጣም ምክንያቱ ወተት አይደለምና ወደ ምግብዎ ይመለሱ። ብዙ እናቶች ይህን የሚነግራቸው ስለማያገኙ እንደተከለከሉ ይቀራሉ። ልጁ ወተት ነክ ነገር ቀምሶ ወዲያው ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ግን ምርመራ መጠበቅ የለም፤ አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ወዳለበት የቅርብ ሐኪም ቤት በፍጥነት ይዘውት ይሂዱ።

እንዲተዉ ከታዘዙ ወተት የት የት እንደሚደበቅ ማወቅ አለብዎት። ንጥር ቅቤ ቢነጠርም የፕሮቲን ርዝራዥ ይቀርበታል፤ ስለዚህ ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ ጨጨብሳው ይቆማል። ማርጋሪን፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ አንዳንድ ዳቦም የወተት ዱቄት አለባቸው። በዚህ በኩል አገራችን ትልቅ እገዛ አላት። «የጾም» የተባለ ምግብ በዘይት የተሠራና ወተት ያልገባበት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ አትክልቱ፣ የጾም ኬኩ ሁሉ ለእርስዎ ይሆናል። ምግብ ቤት ሲበሉ ግን ምጣዱና ጭልፋው ከፍስኩ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ ሕጉ ወተት የገባበት የታሸገ ምግብ ሁሉ እንዲገለጽበት ያስገድዳል። በእስራኤል «ፓርቬ» የሚለው ምልክት ወተትም ሥጋም ያልገባበት ማለት ነው፤ ለሚያጠባ እናት ጥሩ መሪ ነው። ብርቱ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ርዝራዥ ሊኖር ስለሚችል እሱ ብቻውን አይበቃም።

«የላሙን ትቼ የፍየል ልስጠው?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አይሆንም። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ከ10 የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች 9ኙ ለፍየሉም ይቆጣሉ። የግመል ወተት የተለየ ነው፤ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የለውም። ቢሆንም ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ዋና ምግብ አይሆንም፤ ያለ ሐኪምም አይሞከር።

ጡት ለማይጠባና አለርጂው ለተረጋገጠበት ሕፃን የተዘጋጀ ልዩ የዱቄት ወተት አለ። ፕሮቲኑ እስከ ጥቃቅኑ የተሰባበረ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሰውነት አይለየውም። ይህ ዓይነቱ ከተራው ዱቄት በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ በአገራችን ሁልጊዜ አይገኝም፣ ብዙዎች በዘመድ ከውጭ ያስመጡታል። በብሪታንያ በሐኪም ማዘዣ ይሰጣል፤ በአሜሪካም ዊክ በሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ድጋፍ በሐኪም ወረቀት ይገኛል። በጣሳው ላይ «ኤችኤ» ተብሎ የሚሸጠው ግን በከፊል ብቻ የተሰባበረ ነው፤ አለርጂ ላለበት ልጅ አይሆንም፣ እንደ መከላከያም አይመከርም። ወጪውን ሲያስቡት እናት ወተት ትታ ማጥባቷ እጅግ ይረክሳል። እሷም በዚያ ጊዜ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትውሰድ።

ልጁ ደህና ከሆነና 6 ወር ሲሞላው ወተት ነክ ምግብ ማዘግየት አያስፈልግም። በማንኪያ ጫፍ እርጎ ወይም የተፈላ ወተት የገባበት ገንፎ ይጀምሩለት፤ በጠዋት ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ልታዩት እንድትችሉ። ከተስማማው ሳያቋርጡ በየጊዜው ይስጡት። በጃፓኗ ኦኪናዋ 504 ያህል ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ከ1 ወራቸው እስከ 2 ወራቸው በየቀኑ ጥቂት የወተት ዱቄት ያገኙት በ6 ወራቸው አለርጂ የታየባቸው ከ100 አንድ እንኳ አልሞሉም። ከተከለከሉት ግን ከ100 ወደ 7 ነበሩ። ይህን ያነሣሁት ልጅዎን ከ6 ወር በፊት ዱቄት ወተት ያስጀምሩት ለማለት አይደለም፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እንዳለ ነው። አንዴ የተጀመረን ነገር ለወራት ማቋረጥ እንደማይጠቅም ግን ይጠቁማል። ብርቱ ችፌ ያለበት ልጅ ከሆነ ወይም የታላቁ አለርጂ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከነበረ፣ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ከሐኪም ጋር ተማክረው ይስጡ። የላም ወተት ዋና መጠጥ የሚሆነው ግን ዓመት ሲሞላው ነው።

ታላቅየው አሁንም አለርጂው ካልለቀቀውስ? እርስዎ ወተት ሲጠጡ የሚፈራው ለእሱ ነው። የራስዎ ስኒና ማንኪያ ይኑርዎት። ጠጥተው ሲጨርሱ እጅዎንና አፍዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያ ይሳሙት። ወተቱን እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ መጠጣትም አንድ ዘዴ ነው። ደግሞም አብዛኛው የወተት አለርጂ በጊዜ ይለቃል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በ3 ዓመት ውስጥ፣ ፈጣኑ ትምህርት ቤት እስኪገባ ወይም ከዚያ ትንሽ ቆይቶ። ሐኪም ካየው ዓመት ካለፈ በእርግዝና ክትትልዎ ሰሞን እሱንም ይዘውት ይሂዱና እንደገና እንዲያዩት ይጠይቁ። ሙከራው ግን በሐኪም ፊት እንጂ በቤት አይደረግም።